በክረምት የፍሬን ዲስክ ዝገት፦ የቱ ይተዋል፣ የቱ ይፈታል

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎጃም ውስጥ መኪና አሳድሮ ጠዋት በቸርኬው ቀዳዳ ወደ ዲስኩ ያየ ሰው ብርቱካናማ ሆኖ ያገኘዋል። ጋራዥ የሚመጣው ጥያቄም ያኔ ይበዛል፦ «ዲስኬ ዛገ፤ ልቀይር? ቶርኖ ቤት ልውሰደው? ምን ልቀባው?» አብዛኛው ምንም አያስፈልገውም። የቀረው ደግሞ ችግሩ ፊት ለፊት ከሚታየው ዝገት ሳይሆን ከኋላው ከተደበቀው ነው። የተደበቀውን ሳይነኩ ዲስኩን ብቻ ቢያብረቀርቁት ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ፔዳሉ እግር ስር መምታት፣ መሪውም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሁለቱን መለየት ከቻላችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ዲስክ የሚሠራው ጊዛ ከምንለው፣ ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት ነው። ሙቀት ይችላል፣ ዋጋውም አይከብድም፤ እርጥበት ላይ ግን ደካማ ነው። የፍሬን ሸራው የሚነክሰው ፊት ቀለምም ቅባትም ስለማይቀበል ራቁቱን ይቀመጣል። ስለዚህ ዝናብ የነካው ወይም ላቫጆ ታጥቦ የቆመ መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስስ ዝገት ያወጣል። ትናንት የተገዛ ዲስክም ያወጣል፤ የጥራት ጉድለት አይደለም። ጠዋት መጀመሪያ ፍሬን ሲያዝ «ኽርር» ይላል፣ ከዚያ አምስት ስድስት ጊዜ ሲያዝ ሸራው ራሱ ጠርጎት ይሄዳል። እዚህ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መነሳት ጉልበት ማባከን ነው።

መለያው ቀላል ነው። ፍሬን እየያዛችሁ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና እዩት። ሸራው የሚያርፍበት ሰፊ ቀለበት ነጭ ብረት ሆኖ ካበራ፣ ከውጭ ጠርዝና ከውስጥ ወደ መሐሉ ጠበብ ያለ የዛገ ክር ቢቀርም፣ ጤነኛ ነው። ክሩ ሸራ የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ ሁልጊዜ ይዝጋል። ካልጠፋ ግን ዝገቱ የቀረበት ቦታ ራሱ ምክንያቱን ይነግራችኋል።

የውጭው ፊት ዝጎ የውስጡ ካበራ፣ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖች ደርቀዋል ማለት ነው። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፤ ካሊፐሩ መንሸራተት ስላቃተው የውጭውን ሸራ መሳብ አልቻለም። የውስጡ ዝጎ የውጭው ካበራ፣ የውስጡ ሸራ ጆሮዎቹ በሚቀመጡበት ቤት ውስጥ ተጣብቋል። አንዱ ጎማ ላይ ሁለቱም ፊት ዝጎ የሌላው ጎን ዲስክ ንጹሕ ከሆነ፣ የዛገው ጎን ፒስተን ወይም የፍሬን ላስቲክ ቱቦው ይመርመር። እንዲህ ያለ መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ ጤነኛው ጎን ይስባል። በመሐል ቀጭን የዛገ መስመር ከታየ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሸራው ራሱ ላይ ጠጠር ተሰክቷል ወይም ቦይ ወጥቶበታል። የውስጡን ፊት ለማየት መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በባትሪ መብራት ከኋላ አጮልቁ። የውጭውን ብቻ አይቶ «ንጹሕ ነው» ማለት በብዛት የሚሠራ ስህተት ነው።

የእኛ አገር ዝገት ፈረንጆቹ ከሚያወሩት ትንሽ ይለያል። እነሱ ጋ በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ እሱ ብረት ይበላል። እዚህ ጨው የለም፤ ያለው ረጅም ክረምትና ጭቃ ነው። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለው ቀይ አፈር፣ ወይም የጥቁር አፈር ጭቃ፣ በዲስኩ የአየር መተላለፊያና ከኋላው ባለው የላሜራ መከለያ መሐል ገብቶ ይጋገራል። ላዩ ደርቆ ሳለ ከሥሩ ለቀናት እርጥብ ነው። ስለዚህ ዝገቱ በፊቱ ላይ ስስ ሆኖ ሳለ በኋላ በኩል፣ በሞዞው (ዲስኩ በሚቀመጥበት) እና በሸራው ቤት፣ ወፍራም ሆኖ ይገኛል። በነዳጅ ወረፋም ሆነ በመንገድ መዘጋት ለሳምንታት ግቢ የቆመ መኪና፣ በተለይ ሣር ላይ የቆመ፣ ከሁሉም ይብሳል።

መከላከያው ሁለት ነገር ነው። መኪና ከታጠበ በኋላ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳርም ሆነ ላቫጆ፣ በቀጥታ አታቁሙት፤ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ቀለል አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ። ዲስኩ ሲሞቅ ውሃው ይተናል። ሁለተኛ፣ ከጥቂት ቀን በላይ ለሚቆም መኪና የእጅ ፍሬን አትጎትቱ። ሜዳ ላይ አቁማችሁ ማርሽ አስገቡ (አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ)፣ ከጎማው ፊትና ኋላ ድንጋይ ወይም ጣውላ ሻጡ። የተጎተተ ሸራ ከዛገ ብረት ጋር ይጣበቃል። ከተጣበቀባችሁ ነዳጅ ረግጣችሁ በኃይል አትጎትቱት፤ ሸራው ከብረት ጀርባው ተገንጥሎ ይቀራል። ማርሽ አስገብታችሁ ፊትና ኋላ በቀስታ አወዛውዙት፤ እምቢ ካለ ጎማውን ፈትታችሁ የካሊፐሩን ማቀፊያ፣ ታምቡሮ (ከበሮ መሰሉ፣ ሸራው በውስጡ ያለ ፍሬን) ከሆነ ጠርዙን፣ በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ወደሚፈታው እንምጣ። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ዲዛየር የመሳሰሉት ላይ ዲስክ ያለው ፊት ነው፤ ኋላው በአብዛኛው ታምቡሮ ነው። ባጃጅና አብዛኛው አይሱዙ ዙሪያውን ታምቡሮ ስለሆነ ይህ አይመለከታቸውም።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አዘጋጁ፦ የጎማ መፍቻ (ቶዮታ ላይ 21)፣ ለካሊፐር 12 ወይም 14፣ ለማቀፊያው 17 ቁልፍ፣ ክሪክ፣ እግር ያለው ማቆሚያ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጠፍጣፋ ሞረድ፣ 80 እና 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ካሊብሮ (ውፍረት መለኪያ)፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ለፍሬን ፒን የሚሆን የሲሊኮን ግራሶ፣ ካሊፐር ማንጠልጠያ ሽቦ፣ ጭምብልና መነጽር። ስፕሬይ ካጣችሁ አሴቶን ወይም ንጹሕ አልኮል ይተካዋል። ናፍጣና ላምባ ግን ፈጽሞ አይተኩትም፤ ቅባት ትተው ይሄዳሉ። ቤንዚንም ቢሆን በብዛት ቢሠራበትም ጭማሪ ቅመሞቹ ስለሚቀሩና እሳት ስለሚስብ አልመክርም። ሁለት ባለ 8 ሚ.ሜ ቡሎን፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚ.ሜ፣ ርዝመቱ 30 ወይም 40 ሚ.ሜ ያህል፣ ጨምሩ፤ ጥቅሙን ወደ ታች ታዩታላችሁ።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ሻጡ፣ የጎማውን ዳዶዎች ጎማው መሬት ሳይለቅ ላላ አድርጉ። በክረምት የግቢ መሬት ይሰምጣል፤ ክሪኩም ማቆሚያውም ከሥራቸው ወፍራም ጣውላ ይፈልጋሉ። በክሪክ ብቻ በተሰቀለ መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም።

ጎማው እንደወጣ አቧራውን በአየር አትንፉት። የድሮ ሸራዎች፣ ምንጫቸው የማይታወቅ ርካሾችም፣ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል፤ የተነፋው አቧራ የሚገባው ሳንባ ነው። ጭምብል አድርጋችሁ በጠርሙስ ውሃ ኦሞ በጥብጣችሁ አርጥቡትና በብሩሽ አውርዱት።

የካሊፐሩን ሁለት ቡሎኖች ፍቱና ካሊፐሩን በሽቦ ከሞላው ጋር እሰሩት። በላስቲክ ቱቦው እንዲንጠለጠል አትተዉ፤ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ይቀደዳል። ሸራዎቹን ስታወጡ የውስጥና የውጭ፣ የላይና የታች ብላችሁ ምልክት አድርጉባቸው። ከዚያ ማቀፊያው በሁለት ባለ 17 ቡሎን ይወርዳል። ዲስኩን ከማውጣታችሁ በፊት አንዱን የጎማ ፒን (የጎማው ዳዶ የሚታሰርበትን) እና በአጠገቡ ያለውን የዲስክ ቀዳዳ በማርከር ምልክት አድርጉ፤ በነበረበት አቀማመጥ መመለስ አለበት።

የዛገ ዲስክ በእጅ አይወጣም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ዲስክ የሚበላሸው፤ ትልቅ መዶሻ ይነሳና ሸራ የሚያርፍበት ፊት ይመታል። ብዙ ቶዮታ ዲስኮች መሐላቸው ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ትርፍ ቀዳዳዎች አሏቸው። በሽቦ ብሩሽ አጽዱዋቸውና እነዚያን 8 ሚ.ሜ ቡሎኖች አስገቡ። አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ ዲስኩ «ጧ» ብሎ ይለቃል። አንዱን ብቻ ካጠበቃችሁ ግን ጥርሱ ይላጫል። ቀዳዳ የሌለው ዲስክ ከሆነ በጎማ ፒኖቹ መሐል ጣውላ ደግፋችሁ፣ እያዞራችሁ፣ ዙሪያውን ምቱ። ዝገት አላቃቂ ዘይት የምትጠቀሙ ከሆነ መሐል ቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ጠብ አድርጉ። አንዳንድ የሆንዳና የሂዩንዳይ ዲስኮች በትንንሽ መስቀልያ ቡሎን ስለሚያዙ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ዲስኩ እጃችሁ ሲገባ ከማጽዳት በፊት ለኩት፤ ለሚጣል ዲስክ ግማሽ ቀን አይባክንም። ጠርዙ ወይም መሐሉ ላይ «MIN» (ሚን፣ የመጨረሻው ትንሽ ውፍረት) የሚል ቃል ከቁጥር ጋር ተቀርጿል። ዝገት ሸፍኖት ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ይወጣል። አዲስ ሲሆን 22 ሚ.ሜ የሆነ ዲስክ 20 ሊል ይችላል፤ ከዚያ ከቀጠነ መጣል ነው። ስትለኩ የካሊብሮውን አፍ ከጠርዙ 10 ወይም 15 ሚ.ሜ ወደ ውስጥ አስገቡ። ጠርዙ ላይ የቀረው ያልተበላ ከንፈር ካሊብሮውን ከፍቶ ስለሚይዘው፣ ያለቀውን ዲስክ ጤነኛ ያስመስለዋል። ካሊብሮው ከንፈሩን ማለፍ ካልቻለ በሁለቱም ፊት እኩል ውፍረት ያላቸው ሳንቲሞች ደግፉና የሁለቱን ውፍረት ቀንሱ። ዙሪያውን ቢያንስ ስድስት ቦታ ለኩ።

ቀጥሎ ጥፍራችሁን ፊቱ ላይ አስኪዱ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ዝገቱ ብረቱን በልቷል፤ ብርጭቆ ወረቀት አያወጣውም። ቶርኖ ቤት ሊያወጣው የሚችለው ከእያንዳንዱ ፊት ከተቆረጠ በኋላም ውፍረቱ ከተቀረጸው ቁጥር በላይ ከቀረ ብቻ ነው። ከአንድ ፊት 0.3 ሚ.ሜ ከተነሳ ከሁለቱ 0.6 መሄዱን አትርሱ። ገደቡ አጠገብ ያለ ዲስክ ተቆርጦ ለዓባይ በረሃ ቁልቁለት ቢላክ ሙቀት የሚሸከምበት ብረት የለውም። ጥፍር ካልያዘ ግን በቤት ይጸዳል።

የፊቱን ዝገት ለማንሣት 80 ቁጥር ወረቀት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉ። በጣት ብቻ ከተያዘ ጣቱ የጫነበት ቦታ ብቻ ይበላል። ደረቁን፣ በትንንሽ ክብ እየዞራችሁ፣ ዲስኩንም እያዞራችሁ፣ ለአንድ ፊት አምስት ደቂቃ ያህል አሹት፤ ከዚያ በ120 ድገሙት። የምትፈልጉት መስታወት አይደለም። ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚሄዱ ስስ ጭረቶች ያሉበት ግራጫ ፊት ነው የሚፈለገው፤ ሸራው እሱን ይይዛል። ግራይንደር በድንጋይ ወይም በወረቀት ዲስክ ይዞ ፊቱ ላይ መሄድ ክልክል ነው፤ አንድ ቦታ ትንሽ ሲቆይ እዚያ ይሳሳል። የውፍረት ልዩነት ከ0.02 ሚ.ሜ ሲያልፍ እግር ያውቀዋል፤ ያን ያህል ደግሞ ተራ ካሊብሮ በአስተማማኝ አያሳይም። የግራይንደር የሽቦ ብሩሽ ለመሐሉ ቆብና ለውጭ ጠርዙ ይሁን። የጠርዙን ከንፈር በሞረድ አውርዱት፤ አለበለዚያ አዲስ ሸራ ሲገባ ዳሩ እሱ ላይ ይወጣል። በአየር መተላለፊያው ውስጥ የተጋገረውን ጭቃ በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ አውጡ።

ዝገቱ ቅርፊት ሠርቶ ከሆነ አቼቶ ይረዳል። ዲስኩ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው፤ መኪናው ላይ እንዳለ አይረጭም። ለ25 ሴ.ሜ ዲስክ በፕላስቲክ ሳፋ 3 ሊትር ያህል ነጭ አቼቶ ይሸፍነዋል። የብረትና የአሉሚኒየም ዕቃ አይሁን፤ እሱንም ይበላል። ማታ ከትታችሁ ጠዋት አውጡ። ከ12 ሰዓት በላይ አታቆዩት፤ ዝገቱን ጨርሶ ብረቱን ይጀምራል። በብሩሽ ፈትጋችሁ፣ በ5 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አድርጋችሁ አለቅልቁት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ ወዲያው በጨርቅ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ወይም ሞቅ ያለ ምድጃ አጠገብ። እርጥቡን ትታችሁት ቡና ከጠጣችሁ ስትመለሱ እንደገና ብርቱካናማ ነው። ያ አዲስ ዝገት ስስ ስለሆነ በ120 ወረቀት ይነሳል። የባትሪ አሲድ ወይም የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ የሚያፈሱ አሉ። ጊዛ ቀዳዳ ያለው ብረት ስለሆነ አሲዱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ጭሱም ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ አታድርጉት። ዝገት ማቆሚያ የሚባሉት ፈሳሾችም ሸራ በሚነካው ፊት ላይ ቦታ የላቸውም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘልለው፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ ወደማየው ቦታ፦ ሞዞው፣ ማለትም ዲስኩ የሚቀመጥበት ክብ ፊት። ዲስኩ ሲወጣ እዚያ ላይ ቡናማ ቅርፊት ታገኛላችሁ። በቅርፊቱ ላይ ዲስክ መልሶ ማሰር ድንጋይ ሥሩ እንደገባበት ምጣድ ነው፤ ይቀመጣል፣ ግን ዘንበል ብሎ። ቁጥሩን አስሉት፦ መቀመጫው ወደ 14 ሴ.ሜ ስፋት ቢኖረው፣ በአንድ ጎን 0.1 ሚ.ሜ ዝገት ቢቀር፣ 24 ሴ.ሜ ስፋት ባለው የዲስክ ፊት ላይ 0.17 ሚ.ሜ ውዝዋዜ ይሆናል። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት 0.05 አካባቢ ነው። ችግሩ በመጀመሪያው ቀን አይታወቅም። ዲስኩ በዞረ ቁጥር ያው አንዱ ቦታ ሸራውን ይልሳል፤ ፍሬን ሳይያዝም ይልሰዋል። ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ያ ቦታ ይሳሳና ፔዳሉ ይመታል። ያኔ «ዲስኩ ጠመመ» ተብሎ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ ተቆርጦም ያው ቅርፊት ላይ ይታሰራል፤ እንደገና ይመታል።

ሰፊውን ፊት በሽቦ ብሩሽና በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ 80 ወረቀት አጽዱ። አስቸጋሪው በእያንዳንዱ የጎማ ፒን ሥር ያለው ቀለበት ነው፤ ብሩሽ አይደርስበትም። ብርጭቆ ወረቀቱን እንደ ሮንዴላ ክብ ቁረጡ፣ መሐሉን ብሱና በፒኑ ላይ አስገቡት፤ በላዩ አሮጌ ቧንቧ ወይም በፒኑ የሚገባ ቡሽላ አድርጋችሁ ጫን አድርጋችሁ አዙሩ። ለአንድ ፒን ከሦስት እስከ አምስት ዙር ይበቃል። መሐል ላይ ወጣ ያለውን የሞዞ ቀለበትም ዙሪያውን አጽዱ። የዲስኩን ቆብ የውስጥ ፊትም እንዲሁ፤ ሁለቱ ፊቶች ይገናኛሉና። ስታጸዱ ብረቱን ሳይሆን ዝገቱን ብቻ ነው የምታነሡት፤ ነጭ ብረት ሲታይ አቁሙ። በመጨረሻ መዳፋችሁን አስኪዱበት፤ የሚቆረቁር ነገር ካለ አላለቀም። እዚህ ላይ ግራሶ በወፍራሙ አይቀባም፤ የመዳብ ቅባት ካላችሁ በጨርቅ ጫፍ ስስ አድርጎ ማሸት ለሚቀጥለው መፍታት ይረዳል።

ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ዲያል መለኪያ (ውዝዋዜን በመርፌ የሚያሳይ) ያለው ጋራዥ ብዙም አይገኝ ይሆናል። ዘዴ አለ፦ ዲስኩን መልሳችሁ በጎማው ዳዶዎች፣ ከሥራቸው ሮንዴላ አድርጋችሁ፣ እሰሩት። ጠንካራ ሽቦ ከማይዞረው ክፍል ጋር አስራችሁ ጫፉን ወደ ዲስኩ ፊት ከጠርዙ 10 ሚ.ሜ ገባ ብሎ አስጠጉት፤ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በመሐላቸው ልክ እስኪያልፍ ድረስ። ወረቀቱ 0.1 ሚ.ሜ ያህል ውፍረት አለው። ዲስኩን በቀስታ አዙሩ። ወረቀቱ አንድ ቦታ ተይዞ ሌላ ቦታ እጥፍ ሆኖ የሚያልፍ ከሆነ ውዝዋዜው በዝቷል፤ ፈትታችሁ እንደገና አጽዱ፣ ወይም ዲስኩን አንድ ቀዳዳ አዙራችሁ ሞክሩ።

የሸራው ማቀፊያ ላይ ያሉትን ቀጫጭን የብረት ቅንጥቦች አውጡ። ከሥራቸው ዝገት እያበጠ ቅንጥቡን ይገፋውና የሸራውን ጆሮ ያንቃል። ዝገቱን በሞረድ አንሡ፣ ብረቱን ግን አትብሉ። ሸራው በጣት ግፊት ብቻ ገብቶ መውጣት አለበት፤ መዶሻ ከፈለገ አልጸዳም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አውጥታችሁ አሮጌውን ቅባት ጥረጉ፣ በሲሊኮን ግራሶ ስስ አድርጋችሁ መልሱ። የኩሽኔታ ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፤ ፒኑ ለአንድ ክረምት ተንሸራትቶ በሚቀጥለው ይደርቃል። አንዱ ፒን ጫፉ ላይ ላስቲክ ካለው የላይና የታቹን አታቀያይሩ። የተቀደደ የፒን ላስቲክ መሸፈኛ ካለ ይቀየር፤ ውሃ የሚገባው በእሱ ነው።

ሸራው ከ3 ሚ.ሜ በታች ከሆነ ቀይሩ። ደህና ከሆነና ፊቱ ላይ የዝገት አሻራ ካለ 80 ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግታችሁ እያሻችሁ አስተካክሉት። ግራሶ ወይም የፍሬን ዘይት የጠጣ ሸራ ግን አይድንም፤ ቤንዚን ነክሮ ማቃጠልም አያድነውም።

ፒስተኑን በሞርሳ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ስትመልሱ የዘይት ጣሳውን እዩ፤ ሞልቶ ከፈሰሰ ቀለም ይልጣል። ዲስኩን በሁለቱም ፊት በስፕሬይ እጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ ፊቱን አትንኩ። በቪትዝና በኮሮላ ልክ የካሊፐሩ ቡሎን 34፣ ማቀፊያው 100 አካባቢ፣ የጎማው ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ለሌላ መኪና የራሱን መመሪያ እዩ። ቶርክ መፍቻ ከሌለ በ50 ሴ.ሜ እጀታ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል መጫን ለጎማው ዳዶ ልክ ነው። በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በሁለት ዙር አጥብቁ። ጎሚስታ በአየር መሣሪያ አንዱን አጥብቆ ሌላውን ካላላ፣ ያጸዳችሁት መቀመጫ ላይ እንኳ ዲስኩ ይዘነብላል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ድገሙት።

መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉን እስኪጠጥር ደጋግማችሁ ርገጡ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተመለሰ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ይህን ረስቶ ከግቢ የወጣ ሰው አጥር ውስጥ ይገባል። የዘይቱን መጠንም እዩ። ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው አብራችሁ ቀይሩት። ውሃ ከአየር ይስባል፤ ዶት 3 ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ የሚፈላው፣ ውሃ ሲጠጣ 140 ላይ ሊፈላ ይችላል፤ የፈላ ዘይት ፔዳል ይሰምጣል።

ከዚያ ሸራውንና ዲስኩን እርስ በርስ ማለማመድ ይቀራል፤ የሚሠራውም ሜዳ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ እንዳለው ዓይነት ቀጥ ያለ መንገድ፣ ገበያ ባልሆነ ቀን፣ ከብትና ሰው በማይበዛበት ሰዓት ምረጡ። ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 መጠነኛ ፍሬን ይዛችሁ አውርዱ፣ ሳትቆሙ እንደገና ፍጥነት ጨምሩ፣ በመሐል ግማሽ ደቂቃ ያህል ስጡት፤ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ። በመጨረሻ ፍሬን ሳትነኩ አሥር ደቂቃ ነድታችሁ አቀዝቅዙት። በጋለበት ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ከቆማችሁ የሸራው ቅርጽ ዲስኩ ላይ ይታተማል።

ሳይለማመድ ደጀን ላይ ወደ በረሃው አትውረዱ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት። ማርሽ ቀንሳችሁ፣ ፍሬኑን ሳትጎትቱ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ። ታች ስትደርሱ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ መድፋት የተለመደ ነው፤ ጊዛ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። እየሄዳችሁ በነፋስ ይቀዝቅዝ፤ ከድልድዩ በኋላ ያለው ዳገት ራሱ ያቀዘቅዘዋል።

ዲስኩ አይሆንም ተብሎ አዲስ ከተገዛ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ፤ ሸራውም አዲስ ይሁን። አዲስ ዲስክ በዝገት መከላከያ ዘይት ተነክሮ ነው የሚመጣው፤ ሳይታጠብ ከታሰረ ዘይቱን ሸራው ይጠጣዋል። በስፕሬይ፣ ከሌለ በሞቀ ውሃና ኦሞ አጥባችሁ አድርቁት። አንዳንዶቹ ደግሞ ዘይት ሳይሆን ግራጫ ሽፋን አላቸው፤ እሱ አይታጠብም፤ ከሸራው ሥር ያለው በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ራሱ ይነሳል። ሁለቱን ለመለየት ነጭ ጨርቅ በአሴቶን አርጥባችሁ ጥረጉ፤ ቅባት ከወጣ ዘይት ነው።